ካልተጋበዝኩ እገባለሁ? ስለ ኤግዚቢሽን፣ ስለ ፋሽን ትርዒትና ስለ አዝማሪ ቤት የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የሥዕል ኤግዚቢሽን፣ ቴአትርና የፋሽን ትርዒት መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ብዙው ሰው «እዚያ የሚገቡት ሌሎች ናቸው» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ይህ ያሳዝነኛል። ሠዓሊውም፣ ሸማኔውም፣ አዝማሪውም የሚኖሩት በሚመጣላቸው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የሳሪስ ልጅ ነኝ፤ የሂሳብ አያያዝ ተማሪ። የኤግዚቢሽን መክፈቻ ማየት እፈልጋለሁ፤ የጋበዘኝ ሰው ግን የለም። ስለ ሥዕልም አንዳች አላውቅም። በር ላይ ይመልሱኝ ይሆን?

መልስ፦ አይመልሱሽም፣ እህቴ። በጎተ ኢንስቲትዩት፣ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ወይም ስድስት ኪሎ በሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የሚከፈት ኤግዚቢሽን አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ክፍት ነው። የመጥሪያ ካርድ የሚያስፈልገው ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ሲሆን ወይም ማስታወቂያው ራሱ «በጥሪ ብቻ» ሲል ነው። ፍተሻ ስለማይቀር መታወቂያሽን ያዢ።

ስለ ሥዕል አለማወቅሽ አያስጨንቅሽ። በመክፈቻው ዕለት ሠዓሊው እዚያው ሥራው አጠገብ ይቆማል፤ ሰው ግን «በጣም ያምራል» ብሎት ያልፋል። አንቺ «በምን ሠራኸው? ምን ያህል ጊዜ ወሰደብህ?» ብለሽ ጠይቂው። ወሬው ከዚያ በኋላ ራሱ ይቀጥላል። ዋጋ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ የመግዛት ግዴታ አያመጣም። በነገራችን ላይ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። ገና ስም ያላወጡ ልጆች ስለሆኑ ዋጋቸው አያስደነግጥም፤ ላንቺ ዓይነቱ ጀማሪ ከዚያ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

መጀመሪያ ብቻዬን ልለማመድ ካልሽ መካኒሳ ወርደሽ ዞማ ሙዚየምን እዪ። መግቢያ ያስከፍላል፤ ያወጣሽው ግን አይቆጭሽም። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ አቋቁመውት በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተ ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ አያቶቻችን ቤት ይሠሩበት በነበረው ዘዴ። ጠጋ ብለሽ ስታዪው ምርጊቱ ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር ተቀርጾበታል። የኤልያስን ሥራዎች ያገኘሽ እንደሆነ ደግሞ አትቸኩዪ። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን ላይ የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላሉ፤ ስትቀርቢ እያንዳንዱ መስመር ከተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወጥቶ በእጅ የተጎነጎነ ሽቦ ነው። ከሩቅም ከቅርብም እዪው፣ ደግመሽ ራቂ። ለመጀመሪያ ቀን ይህ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው የምሠራው። ጓደኛዬ ፋሽን ሾው ጋብዛኝ የሀበሻ ቀሚስ ልልበስ ብል የሥራ ባልደረቦቼ «ሠርግ መሰለሽ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ምን ልልበስ?

መልስ፦ ቀሚስሽን ልበሺ። የኛ ዲዛይነሮች መድረክ ላይ ከሚያወጡት ሥራ ብዙው ከሸማ የተሠራ ነው፤ ታዲያ ተመልካቹ ሸማ ለብሶ ቢመጣ ምኑ ያስቃል? ረጅሙ ከበደሽ ጥቁር ሱሪ ወይም ጂንስ ላይ ጥለት ያለው አጭር ጃኬት ደርቢ፣ ወይም ነጠላ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊ። ነጠላ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ፊት አካባቢ ከዋለ የሐዘን አለባበስ ነው። ወጣቶች ሳያውቁ እንደዚያ አድርገው ሲመጡ እናቶች ይደነግጣሉ።

ልትገዢ ካሰብሽ ግን ጠንቀቅ በዪ። ዛሬ ሽሮ ሜዳም ሆነ መርካቶ በፋብሪካ ታትሞ የመጣ «ጥለት» ከሽመናው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ለመለየት ጨርቁን ገልብጪው። የታተመው ጀርባው የደበዘዘ ወይም ነጭ ነው። የሸማኔው ከሆነ ክሩ ከማጉ ጋር አብሮ ስለገባ በጀርባም ይታያል፤ በጣትሽ ስትዳብሺውም ከፍ ዝቅ ይላል። ጥለቱን ሸማኔው ቀለም በቀለም፣ ክር በክር እየቆጠረ ነው የሚያስገባው፤ ሰፊ ጥለት የሚወደደውም ለዚህ ነው። ሽሮ ሜዳንና አካባቢዋን ያቆሙት ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው፣ የታተመው ጨርቅ የሚቀማውም የእነሱን እንጀራ ነው። ርካሹን መግዛት መብትሽ ነው፤ እኔ ግን አንዱን በእጅ የተሠራ አስር ዓመት ብትለብሺው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የግብዣ ካርዱ «7፡00 ሰዓት» ይላል። በየትኛው ሰዓት ልሂድ?

መልስ፦ ካርዱ በእንግሊዝኛ ከሆነና ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ምሽት አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። በአማርኛ ሆኖ «ከቀኑ» የሚል ካለበት ሰባት ሰዓት ነው። ሁለቱም ግልጽ ካልሆነ ደውልና ጠይቅ። በሰዓቱ ድረስ፤ «ሐበሻ ነው፣ ይዘገያል» ብለው የዘገዩ ሁሉ ተደምረው ነው ዝግጅቱን የሚያዘገዩት።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጥቶ አዝማሪ ቤት ካልወሰድከኝ እያለ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አዝማሪው ሰው ፊት እንዳያዋርደኝ ፈራሁ። ሽልማቱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይውሰዱት እንጂ! ልጁ የጠየቀዎት ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ግን ቤቱ በቦታው መኖሩን በስልክ ያረጋግጡ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ እርስዎ የሚያውቋቸው ቤቶች ተነስተዋል፤ ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱ አሉ፣ የተዘጉም አሉ።

ስለ መዋረዱ እንዲህ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየጠረጴዛው ሲዞር ዓይኑ ፈጣን ነው፤ ነጭ ጸጉርዎን፣ የልጁን ጫማ፣ አጠገብዎ የተቀመጠችውን ሴት አይቶ እዚያው ግጥም ይገጥማል። ቢነካካዎትም ወርቁ ብዙ ጊዜ ሙገሳ ነው። ቢከፉ ጨዋታው ይሞታል፤ ቢስቁ ቤቱ ሁሉ ከእርስዎ ጋር ይስቃል። የተሻለው ደግሞ መልስ መስጠት ነው። «ተቀበል!» ብለው ስንኝ ይወርውሩለት፣ እሱ በዜማ ተቀብሎ ይመልስልዎታል። ሁለት ስንኝ ቤትዎ አዘጋጅተው ቢሄዱ ምን ይልዎታል? ለልጁም አንዱን ያስጠኑት። አፉ እየተሳሰረም ቢሆን ያቺን ስንኝ ሲናገር የሚደርስለት ጭብጨባ አገሩን ያስወድደዋል።

ሽልማቱ የተተመነ ዋጋ የለውም። ግንባሩ ላይ መለጠፍም ይቻላል፣ በእጁ መስጠትም እንዲሁ። ለአዝማሪው ግን ይህ ጉርሻ መተዳደሪያው ነው፤ ስለዚህ ለቢራው ያሰቡትን ያህል ለእሱም ያስቡ። ዝርዝር ብር ይዘው ይግቡ፣ ገጥሞልዎት ሳይሸልሙ አይውጡ። ልጁ ቪዲዮ መቅረጽ ከፈለገ አስቀድሞ ያስፈቅድ።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ቴአትር ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ሀገር ፍቅር ወይም በ1948 ዓ.ም. ከተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር። አንድ ቴአትር በሳምንት በተወሰነለት ቀን ለወራት ስለሚታይ ይህ ሳምንት ቢያመልጥሽ በሚቀጥለው ታገኚዋለሽ። በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብበሽ ለዕድሜያቸው የሚሆነውን ጠይቂ። ሌሊት የሚፈሩ ከሆነ የቅዳሜ ወይም የእሁድ የቀን ትርዒት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ትርዒት ላይ ያየሁትን ቀሚስ ፎቶ አንስቼ ለልብስ ሰፊዬ ላሳየው ነው። ዲዛይነሯ የጠየቀችው ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። ነውር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። ከትርዒት በኋላ በሳምንቱ ያንኑ ቀሚስ በየሱቁ ተሰቅሎ ያየች ዲዛይነር ሁለተኛ ጊዜ አዲስ ነገር ለመሞከር ልቧ አይነሳም። ያቺ ልጅ ጥለቱን ወረቀት ላይ ስላ፣ ከሸማኔው ጋር እየተመላለሰች ናሙና አሠርታ፣ የማያምረውን ጥላ ነው እዚያ የደረሰችው፤ የጠየቀችው ዋጋ ያን ሁሉ ይጨምራል። ከቀሚሱ ሐሳብ መውሰድ ሌላ ነገር ነው። አንገቱን ወድደሽ፣ ቀለሙንና ጥለቱን ራስሽ መርጠሽ ብታሠሪ ማንም አይከስሽም። እንዳለ መገልበጥን ግን ተዪው።

ይልቅ ሂጂና አነጋግሪያት፣ ያለሽን ብርም ሳታፍሪ ንገሪያት። ብዙዎቹ ጠባብ ጥለት አድርገው ወይም ጥልፉን ቀንሰው ቀለል ባለ ዋጋ ይሠራሉ፤ በሁለት ጊዜ ክፍያ የሚስማሙም አሉ። ያም ካልሆነ ከእሷ ነጠላውን ብቻ ግዢ፤ ቀሚሱ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይሽ።