«ሮቦት መጥረጊያዬ ሶፋ ሥር እየተሰነቀረች አስቸገረችኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሮቦት መጥረጊያ ከገዛሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። ጠዋት አስነስቻት እወጣለሁ፤ ማታ ስመለስ ሥራዋን ጨርሳ የማገኛት ከአራት ቀን አንድ ቀን ቢሆን ነው። አንዴ ሶፋ ሥር ተሰንቅራ፣ አንዴ ወንበር ላይ ተሰቅላ፣ አንዴ የስልክ ቻርጀር ገመድ ጎርሳ አገኛታለሁ። መኝታ ቤት ያለውን ጥቁር ምንጣፍ ደግሞ ጭራሽ አልረግጥም ብላለች። ተበላሽታ ይሆን? ልመልሳት? — ፍለጋ የሰለቸኝ

መልስ፦ አይመልሷት። የእኔዋም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፈችው እንደዚሁ ነበር። መመሪያውን ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቼ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት። ባለቤቴ «ምን ጠፋብህ?» እያለች በላዬ ተራምዳ አለፈች። ቆመው ሲያዩት ባዶ የሚመስል ወለል፣ ተኝተው ሲያዩት ጫካ ነው።

ከሶፋው ልጀምር። ማሽኗን የሚይዛት በጣም ዝቅ ያለ ዕቃ አይደለም፤ እሱንማ እንደ መኪና ፓራውልት ባለው የፊት መከላከያዋ ነካ አድርጋ ትመለሳለች። የሚይዛት ለጥቂት የሚያስገባት ክፍተት ነው። ሶፋ ሥር የተወጠረው ጨርቅ ጠርዙ ላይ ከፍ፣ መሀሉ ላይ ረገብ ይላል፤ በጠርዙ ሰተት ብላ ትገባና መሀል ላይ ትሰነቀራለች። አብዛኞቹ ማሽኖች ቁመታቸው ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። አናቷ ላይ የምትሽከረከር የጨረር መቃኛ ካላት ልኬቱን የሚወስዱት ከእሷ ጫፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትያዘውም እሷው ናት።

እኔ ከማሽኗ በ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ካርቶን ቆረጥኩና ከየዕቃው ሥር እስከ ግድግዳው ድረስ እየገፋሁ አሳለፍኩት። እንደ ልቡ ያለፈበትን ተውኩት። የታከከበትን ወይ ከእግሩ ሥር እንጨት እየደረብኩ ከፍ አደረግኩት፣ ወይ ዘጋሁት። የሶፋችን ሥር የተዘጋው በዚሁ መጽሔት የቆዩ ዕትሞች ነው፤ አዘጋጁ እንዳይሰማ። የዘጉትን ግን አልፎ አልፎ ከፍተው በእጅ መጥረግ አለብዎት።

ወንበሩ እግሮቹ ወለል ላይ በተጋደመ ብረት የተያያዙ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ወንበር ክፉ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ከፍታ ይወጣሉ፤ ብረቱን እንደ በር ደፍ ቆጥራ ትወጣውና ሆዷ ላይ ሲያርፍ ጎማዎቿ አየር ላይ ይቀራሉ። ሌላ ብልሃት አላገኘሁለትም፤ ከመውጣትዎ በፊት ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ይገልብጧቸው።

ገመድን ግድግዳ ዳር ጠቅልሎ ማስቀመጥ አይበቃም፤ የጎን ብሩሿ ከዳር እየጠረገች ታመጣዋለች። ከወለሉ መነሳት አለበት። እኔ ይህን የተማርኩት ገመዱን ጎትታ የራስጌ መብራቴን ከጠረጴዛ ላይ ካወረደችው በኋላ ነው። አሁን ገመዶቹ ሁሉ ከጠረጴዛ እግር ጋር ታስረዋል። የምንጣፍ ዘርፍ ካለ ወደ ሥር አጥፈው በፕላስተር ይለጥፉት። ወለል የሚጠርግ መጋረጃም ይሰብሰብ። ካልሲ? እሱን እርስዎም ያውቁታል።

ጥቁሩ ምንጣፍ ላይ አለመውጣቷ ብልሽት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ከሆዷ ሥር ወደ ወለሉ የማይታይ ጨረር የሚልኩ ሴንሰሮች አሉ። ጨረሩ ከወለሉ ነጥሮ ከተመለሰ ትሄዳለች፤ ካልተመለሰ የደረጃ አፋፍ ላይ የደረሰች መስሏት ታፈገፍጋለች። ጥቁር ቀለም ደግሞ ጨረሩን ይውጠዋል። ሴንሰሮቹ አቧራ ሲለብሱም ሊሳሳቱ ስለሚችሉ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሏቸው። ሴንሰሮቹን በፕላስተር ሸፍነው የሚያሠሯት ሰዎች አሉ፤ ቤትዎ ደረጃ ካለው በፍጹም አይሞክሩት፣ ተንከባልላ ትወርዳለች። ምንጣፉን ነጣ ባለ ቢቀይሩት ወይም እሱን ብቻ በእጅ ቢጠርጉት ይሻላል።

ባትሪዋን የምትሞላበትን ማረፊያዋን ግድግዳ አስደግፈው፣ ግራና ቀኙን ግማሽ ሜትር፣ ፊቱን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ይተዉላት። በስልክ የሚያዟት ከሆነ መተግበሪያው ላይ «እዚህ አትግቢ» ብሎ መከለል የሚቻል ከሆነ እሱን የመጨረሻ ያድርጉት፤ እኔ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ቦታ ከልዬባት ኮሪደር ብቻ ስትጠርግ ሰነበተች።

ይህን ሁሉ አድርገው ሜዳ ላይ ከቆመች፣ አጥፍተው ይገልብጧትና የፊቷን ትንሽ ጎማ በእጅዎ ሳብ አድርገው ይንቀሉ። እዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር ያገኛሉ። ከእኔዋ ጎማ ላይ አንድ ጭብጥ ሙሉ ረጅም ፀጉር አወጣሁ። ባለቤቴ የእኔ አይደለም ብላለች፤ እኔ ራሰ በራ ነኝ፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው የለም።