ዳኛዬን ማን አነሳት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የጥገኝነት ኬዜ ከተከፈተ ዓመታት አልፈዋል። በመጨረሻ ዋናው ችሎት ደረሰልኝ ብዬ ምስክሮቼን አዘጋጅቼ ስጠብቅ፣ «ዳኛዋ ከሥራ ተሰናብታለች፣ ቀጠሮሽም ተገፍቷል» ተባልኩ። የአሜሪካ ዳኛ ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው ሲባል እሰማ ነበር። እንዴት ነው ነገሩ? ምንስ ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሰማሽው ልክ ነው፤ ግን ያንቺን ዳኛ አይመለከትም። ዕድሜ ልካቸውን የሚቀመጡት ፕሬዚዳንቱ አጭቷቸው ሴኔቱ የሚያጸድቃቸው የፌዴራል ዳኞች ናቸው። እነሱን ለማንሳት የተወካዮች ምክር ቤት መክሰስ፣ ሴኔቱም ጥፋተኛ ማለት አለበት። በአገሪቱ ታሪክ በዚህ መንገድ የተነሱት 8 ብቻ ናቸው።

የኢሚግሬሽን ዳኛ ግን ካባ ይልበስ እንጂ የፍትሕ ሚኒስቴር ተቀጣሪ ነው። የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ እንዲያውም ከፈለገ በይግባኝ የታየን ጉዳይ ወደ ራሱ ወስዶ ውሳኔውን መለወጥ ይችላል። አንቺን የሚከራከረው የመንግሥት ጠበቃ ሥራው ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆንም፣ የሁለቱም የበላይ ያው ፕሬዚዳንቱ ነው። ይሄ ፍርድ ቤት ከሚባል ነገር ጋር አይሄድም።

እ.ኤ.አ. በ2018 እያንዳንዱ የኢሚግሬሽን ዳኛ በዓመት 700 መዝገብ እንዲዘጋ ኮታ ወጣበት። አስቢው፣ አንድ ሰው እንዴት ታስሮ እንደተገረፈ በአስተርጓሚ እየተናነቀው ሲናገር፣ የሚሰማው ዳኛ ለሥራ ምዘናው መዝገብ ይቆጥራል። ኮታው በ2021 ቀረ። በ2025 ደግሞ በርካታ ዳኞች ተባረሩ፣ ብዙዎቹም ምክንያት አልተነገራቸውም። የተባረሩት ደግሞ የተከማቸው መዝገብ 3 ሚሊዮን ካለፈ በኋላ ነው!

ዳኞቹ ራሳቸው በማኅበራቸው በኩል ለዓመታት የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ፍርድ ቤቱ ከሚኒስቴሩ ወጥቶ እንደ ግብር ፍርድ ቤቱ ራሱን ይቻል። በ2022 ለኮንግረስ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፣ ሳይጸድቅ ቀረ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ፤ ነገ ሊባረር የሚችል ዳኛ ቁጥሩ ቢጨመር ለማንም ዋስትና አይሆንም።

ወዳንቺ ልመለስ። አዲሱ ዳኛ ፋይልሽን የሚያነበው ከዜሮ ስለሆነ፣ የቆዩ ማስረጃዎችሽን ከጠበቃሽ ጋር አድሱ። ተገፋ ተብሎ ደግሞ መዘናጋት የለም፤ ቀጠሮ ሳይታሰብ ቀድሞም ይመጣል። በኤ ነምበርሽ (የኢሚግሬሽን ወረቀቶችሽ ላይ በA የሚጀምረው ቁጥር) የፍርድ ቤቱን ድረ ገጽ በየሳምንቱ እዪ። ቤት ከቀየርሽ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በአድራሻ መቀየሪያው ቅጽ ለፍርድ ቤቱ አሳውቂ። ለኢሚግሬሽን ቢሮ መንገር ብቻውን አይበቃም፤ ጥሪው አሮጌው ቤት ደርሶ ሳትቀርቢ ብትቀሪ በሌለሽበት የዲፖርት ትእዛዝ ሊወጣብሽ ይችላል።

ጠበቃ መንግሥት አያቆምልሽም፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ግን ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል። ያላልሽውን ሲል ከሰማሽ እዚያው ለዳኛው ተናገሪ፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ያለው ነውና።