ባሕር በሌለበት አገር የሲሎችን በሽታ ማጥናት እብደት ነው?

ከሀዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የእንስሳት ሕክምና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። በ2023 በአርጀንቲና ቫልዴስ ልሳነ ምድር የወፍ ጉንፋን የፈጃቸውን የዝሆን ሲል ግልገሎች (ሲል በውኃም በየብስም የሚኖር አጥቢ እንስሳ ነው) በቪዲዮ ካየሽ ወዲህ ሐሳብሽ ሁሉ እዚያ ሆኗል። የዱር እንስሳት ወረርሽኝ ላይ፣ በተለይ ሲሎችን በሚገድሉ በሽታዎች ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። የክፍል ጓደኞችሽ ሳቁብሽ። ያስተማሩሽ አጎትሽ ደግሞ «ይሄ ቅዠት ነው፤ ስትመረቂ የእንስሳት መድኃኒት ቤት እንከፍታለን፣ ፈቃዱ በስምሽ ይወጣል» ብለውሻል። እንግሊዝኛሽና ነጥብሽም ያሳስቡሻል። «ልተወው ወይ?» ነው ጥያቄሽ።

አትተዪው። ግን የምትሄጂበት መንገድ አንቺ ካሰብሽው ይለያል። እሱን ላስረዳሽ።

እዚህ አገር ሙያን በእንስሳው ስም የመለካት ልማድ አለ። የላም ሐኪም ይከበራል፣ የዶሮ ሐኪም ይናቃል፣ ስለ ሲሎች የሚያወራ ደግሞ ይሳቅበታል። ይህ ልማድ በጣም ያናድደኛል፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን ከሚወዱት ሥራ ሲያስወጣ አይቻለሁ። አንቺ የምታጠኚው በሽታውን ነው። በሽታው ደግሞ የባሕር ብቻ አይደለም።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልሽ። በ1988 ሚያዝያ ገደማ አንሆልት በምትባል የዴንማርክ ደሴት ሲሎች መሞት ጀመሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ በሰሜን ባሕርና በአካባቢው ከ17,000 በላይ አለቁ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የጠረጠረው የባሕሩን ብክለት ነበር። ላብራቶሪ ሲገባ የተገኘው ግን ሞርቢሊቫይረስ የሚባል የቫይረስ ዓይነት ነው፤ ውሾችንና የዱር ሥጋ በሎችን የሚገድለው የውሻ ዲስቴምፐር የቅርብ ዘመድ። በ2002 ተመልሶ መጣ፤ ያውም ከዚያችው ደሴት ተነስቶ። በዚያኛው ዙር ከ20,000 በላይ ሞቱ።

ይህን የቫይረስ ቤተሰብ ክፍል ውስጥ ተምረሽዋል። የሰው ኩፍኝ ከዚሁ ነው። በክፉ ቀን ከብቶቻችንን ጠርጎ አገሩን ለረሃብ የዳረገው ደስታ በሽታም ከዚሁ ነው፤ እሱ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ፒፒአር የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ግን ዛሬም አለ። የውሻ ዲስቴምፐርም አለ፤ በ2010 እና በ2015 ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎቻችንን የገደለው እሱ ነው። በ1994 ከታንዛኒያ ሴሬንጌቲ አንበሶች ሲሶውን ያህል የጨረሰውም እሱው ነው።

አሁን ወደ ባሕር አልባነታችን እንመለስ። በ1987 እና በ1988 ሳይቤሪያ ውስጥ በባይካል ሐይቅ ሺዎች ሲሎች ሞቱ። ባይካል ጨው አልባ ሐይቅ ነው፤ ከውቅያኖስም እጅግ ይርቃል። ገዳዩ የውሻ ዲስቴምፐር ነበር። በ2000 በካስፒያን ባሕር የሞቱትን በሺዎች የሚቆጠሩ ሲሎችም የገደለው ይኸው ቫይረስ ነው። በሃዋይ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ፣ መነኩሴ ሲል ለሚባሉትና ቁጥራቸው እጅግ ላነሰው ሲሎች የመከላከያ ክትባት እየተሰጠ ነው። ክትባቱ ለየብስ እንስሳት ተብሎ የተሠራ የዲስቴምፐር ክትባት ነው። ስለዚህ ዲስቴምፐርን ከመንደር ውሻ ላይ በሚገባ ያወቀ ሰው ስለ ሲሎች ሲናገር ሰሚ ያገኛል።

እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ? የመመረቂያ ጥናቴን ከሁለት በአንዱ ላይ እሠራለሁ። አንደኛው በሲዳማ ፍየሎች ላይ ፒፒአር ነው። ሌላው በባሌ ፓርክ ዙሪያ ባሉ የመንደር ውሾች ደም ውስጥ የዲስቴምፐር ፀረ እንግዳ አካል መፈለግ ነው። ሁለተኛው ለልብሽ ይቀርባል፤ የመጀመሪያው ግን ሥራ ያስገኝልሻል። ፒፒአርን እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ዕቅድ ተይዟል። ለዚህ ሥራ ናሙና ወስዶ፣ ቅዝቃዜውን ጠብቆ ላብራቶሪ ማድረስ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ከወረዳ ክሊኒክ ወጥቼ ዓመታት የምርመራ ላብራቶሪ ውስጥ ስለሠራሁ ይህ ክህሎት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ለልምምድ የእንስሳት በሽታ ላብራቶሪዎች ወዳሉባቸው ሰበታ ወይም ቢሾፍቱ እንዲልኩሽ ከአሁኑ ጠይቂ። ኤላይዛና ፒሲአር የሚባሉትን የላብራቶሪ ምርመራዎች በእጅሽ ሠርተሽ ውጪ። ስታቲስቲክስም አትሽሺ፤ ወረርሽኝ ያለ ቁጥር አይጠናም።

የወፍ ጉንፋኑም ቢሆን ሩቅ አይደለም። አርጀንቲና ውስጥ ወደ 17,000 የሚገመቱ ግልገሎችን የገደለው ቫይረስ በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው በዱር ወፎች ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ደግሞ የስደተኛ ወፎች መንገድ ናቸው። አሞራ ገደል ቆመሽ የምታያቸውን ወፎች መለየት ተማሪ፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ አጎትሽ። በዚህ ላይ አላለሳልስም። መድኃኒት ቤት መክፈት ነውር የለውም። ነገር ግን እንደጻፍሽልኝ ከሆነ እሳቸው የሚፈልጉት የአንቺን ሥራ ሳይሆን ፈቃድሽን ነው። ፈቃድሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ባንኮኒው ጋ ግን ሌላ ሰው ይቆማል። አንድ ገበሬ ፍየሎቹ ሲያስላቸው፣ ዓይንና አፍንጫቸው ሲፈስ ይመጣል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል የባክቴሪያ መድኃኒት ተሽጦለት ይሸኛል። በሽታው ፒፒአር ከሆነ መድኃኒቱ ቫይረሱን አይነካውም። ናሙና የወሰደ የለም፣ ለወረዳው የተናገረም የለም። ወረርሽኙ ቀጣዩ ቀበሌ ይገባል፤ በአንቺ ስም። ፈቃድሽን ለማንም አትስጪ፣ ላስተማረሽ ዘመድም ቢሆን።

ውለታቸውን ግን አትርሺ። የጀማሪ የእንስሳት ሐኪም ደሞዝ ትንሽ ነው፤ አንቺንም በቅጡ አያኖርም። ይህንን በግልጽ ንገሪያቸው። በየወሩ የምትችዪውን ያህል፣ ትንሽም ቢሆን፣ እንደምትልኪላቸው ተስማሚ። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ለውጭ ትምህርት ዕድል አመልክቺ። ሳትሠሪ ወዲያው ካመለከትሽ የምትጽፊው ነገር አይኖርሽም፤ ከሠራሽ ግን ራስሽ ስለሰበሰብሽው መረጃ ታወሪያለሽ። ኤራስመስ ሙንዱስና የጀርመኑ ዳአድ የሚሰጧቸውን የነጻ ትምህርት ዕድሎች ተከታተዪ።

እንግሊዝኛሽ? የሙያሽን ጽሑፍ በየቀኑ ካነበብሽ ይስተካከላል። ነጥብሽ 3.1 መሆኑም ብዙ አያስጨንቅሽ፤ ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይደግፈዋል። ባሕር አይቼ አላውቅም ያልሽው ምንም ማለት አይደለም።

የጥናት ርዕስ ማስገቢያው ሳይደርስ አማካሪሽን አናግሪ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ጥያቄሽን፣ የት ናሙና እንደምትወስጂና የትኛው ላብራቶሪ እንደሚመረምርልሽ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ። ለአጎትሽ ደግሞ በስልክ አትንገሪያቸው። ቤታቸው ሄደሽ፣ ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው።