የታጠበው የጆርጂያን ቀለበት ለምን ጠቆረ?

ጥያቄው፦ ለንደን የሚኖሩ አንባቢያችን ከሟች ንብረት ጨረታ ላይ «የጆርጂያን ዘመን» (ጆርጅ የሚባሉ ነገሥታት እንግሊዝን የገዙበት ዘመን) የተባለ ቀለበት ገዙ። መሐሉ ሮዝ ፈርጥ ነው፤ ዙሪያውን ትናንሽ ነጫጭ ድንጋዮች ከበውታል፤ ጀርባው ድፍን ነው። በሞቀ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ አጠቡት። በማግስቱ ሮዙ ፈርጥ ከአንድ ጎኑ አመድ መሰለ፣ ከነጮቹም ሁለቱ ደበዘዙ። ያሳዩት ወርቅ ሠሪ «ድንጋዩ ሞቷል፤ ጀርባውን በስተን ብርሃን እናስገባለት፣ በዚያውም ለጣትዎ እናሰፋዋለን» አላቸው። ቀለበቱ ሥር ግራጫ የብየዳ እብጠት እንዳለም ጽፈዋል። ተታልዬ ይሆን? ምን ላድርግ? ይላሉ።

ድንጋዩ ምንም አልሆነም። የተበላሸው ከሥሩ ያለው ፎይል፣ ማለትም ብርሃን እንዲመልስ የተነጠፈው ስስ ቅጠል ነው። ጥቁረቱ ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሐል መግባቱና በታጠበ ማግስት መምጣቱ ውኃ እንደገባበት ይናገራል። እንዲያውም አንድ ነገር እጠረጥራለሁ፦ ድንጋዩ ራሱ ሮዝ አይደለም። ሮዝ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ጥቁር ሮዝ ይሆን ነበር እንጂ አመድ አይመስልም። ቀለም የሌለው ቶጳዝ ወይም ኳርትዝ ሆኖ፣ ቀለሙን ያገኘው ከፎይሉ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ማታለል አይደለም፤ የዘመኑ ደንበኛ አሠራር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ቀለበቱን እሳት እንዳይነካው። ለማስፋትም ለመበየድም፣ ማንም ቢሆን።

ስለ ፎይሉ ትንሽ ልዘርዝር፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የዚህን ዘመን ጌጥ ባይነካ ይሻላል። ጆርጂያን የሚባለው አራቱ ጆርጆች በተከታታይ እንግሊዝን የገዙበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1714 እስከ 1830 ያለው ዘመን ነው። ጌጡ ማታ የሚታየው በሻማ ብርሃን ነበር። ድንጋዩም በእጅ ስለሚቆረጥ ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፤ ከላይ የገባው ብርሃን ወደ ዓይን ሳይመለስ በታች ያልፋል። ስለዚህ አንጥረኛው ከወረቀት የቀጠነ፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ብር ወይም ብር የተለበጠ መዳብ ከድንጋዩ ሥር ያነጥፋል፤ ሲፈልግ ባለቀለም ቫርኒሽ ይቀባዋል፤ ከዚያ ጀርባውን በወርቅ ወይም በብር ይደፍነዋል። ብርሃኑ ከፎይሉ ነጥሮ ይመለሳል፤ ሻማው በተወዛወዘ ቁጥር ድንጋዩ ከውስጥ የሚነድ ይመስላል። ዛሬ እነዚህን ጌጦች የሚፈልጉ ሰዎች የሚወዱት ይህንኑ ለስላሳ ብርሃን ነው፤ በማሽን የተቆረጠ አልማዝ አይሰጥም። አየር እስካልገባበት ድረስ ፎይሉ ሁለት መቶ ዓመት ይቆያል። ችግሩ ድንጋዩን ባቀፈው የብር ከንፈርና በድንጋዩ መካከል ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት መኖሩ ነው። ጠባብ ክፍተት ውኃን ራሱ ስቦ ያስገባል፤ ጀርባው ድፍን ስለሆነ ግን መውጫ የለውም። ሳሙናው ቫርኒሹን ያላቅቃል፣ ብሩ ይጠቁራል፣ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል። እኛ ወርቅን በየጊዜው ማሳጠብ የለመድን ሰዎች ነን። ድንጋይ ለሌለው ወርቅ ደህና ነው፤ ለዚህ ግን ገዳዩ ነው። በድምፅ ሞገድ እያንቀጠቀጠ የሚያጥበው የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ደግሞ ይብሳል።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ቀለበቱን ለስላሳ ጨርቅ ላይ፣ ድንጋዩን ወደ ታች አድርገው፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ግማሽ ሊትር የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት። ከጎኑ 50 ግራም ያህል አዲስ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥጥ ፍሬ) ይጨምሩ። ከጫማ ካርቶን የተለቀመው ጠጥቶ የጠገበ ስለሆነ ዋጋ የለውም፤ ሩዝም ዱቄቱን ይተዋል። ሦስት ሳምንት ሳይከፍቱ ይተዉት። የፀጉር ማድረቂያ፣ ማሞቂያ ራዲያተር፣ የመስኮት ፀሐይ ክልክል ነው፤ ሙቀት እንፋሎቱን ወደ ጤነኛው ፎይል ይገፋዋል። ይህ የጠቆረውን አያነጣም፤ የቀረውን ግን ያድናል።

ከዚያ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይዩት። 30 እጥፍ ተብሎ የተጻፈበትን ርካሽ መነጽር አይግዙ፤ ጠርዙን ያጣምመዋል። የእጅ ባትሪውን ከጎን ይያዙና ከንፈሩ የተነሣበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ውኃው የገባው በዚያ ነው። ሁለቱ ትናንሾች ጠርዛቸው ብቻ ከደበዘዘ አያስነኳቸው። መሐለኛው ግን ጥንታዊ ጌጥ የሚያድስ ባለሙያ ይፈልጋል። እሱ ከንፈሩን በጥቂቱ አንሥቶ ድንጋዩን ያወጣል፣ አዲስ ፎይል በቀለሙ መርጦ ያነጥፋል፣ መልሶ ይዘጋል። አሮጌው ብር ተሰባሪ ስለሆነ ይህ ደጋግሞ የሚደረግ ሥራ አይደለም። አሮጌው ፎይል በትንሽ ፖስታ ተደርጎ እንዲመለስልዎ ይጠይቁ። የወጥ ቤት አሉሚኒየም አንጥፈው በሱፐር ግሉ የሚለጥፉ አሉ፤ ሙጫው በጊዜ ይቢጫል፣ ቀጣዩ ጠጋኝም ድንጋዩን ሳይሰብር ማውጣት ያቅተዋል። ጀርባውን መብሳት ከድጡ ወደ ማጡ ነው፦ ጠፍጣፋው ድንጋይ ከኋላ ብርሃን ቢያገኝም አያበራም፣ የቀለበቱም ዋጋ ይወርዳል።

ወደ ግራጫው እብጠት ልምጣ። በመርፌ ጫፍ በቀላሉ ከተጫረ የእርሳስና የቆርቆሮ ብየዳ ነው። የቀድሞ ጠጋኝ አቋራጭ ፈልጎ የሠራው ነው፤ በዚህ ዘመን ጌጥ ላይ ይህን ማየት ያበሳጨኛል፣ አሁንም ይሠራልና። ይህ ብየዳ በ183 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የወርቅ ብየዳ ግን ብዙውን ጊዜ 700 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ወርቅ ሠሪው ሳያጸዳ ችቦውን ቢያበራበት እርሳሱ ወርቁ ውስጥ ሰርጎ ይበላዋል፤ ቀዳዳ ይሆናል። ደግሜ እላለሁ፣ እሳት አይንካው። ማስፋት የግድ ከሆነ መጀመሪያ እርሳሱ ተፍቆ ይውጣ፣ ከዚያ በሌዘር ይበየድ። ፍቆቱን ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ የእርሳስ ብናኝ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት።

መታለልዎን ለማወቅ ጥቂት ነገር ይመልከቱ። ድንጋዮቹ በብር ታቅፈው ቀለበቱ ወርቅ ከሆነ፣ ድንጋዮቹም መጠናቸው ትንሽ ትንሽ የሚለያይ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። የወርቅ ማኅተም አለመኖሩ አያስደንግጥዎ፤ ብዙ ትናንሽ የዘመኑ ጌጦች ማኅተም የላቸውም። ይልቅ 9 ወይም 15 ካራት የሚል ካገኙ ይጠንቀቁ፤ እንግሊዝ እነዚህን ደረጃዎች የፈቀደችው በ1854 ስለሆነ ቢያንስ ያ ክፍል ከዘመኑ በኋላ የመጣ ነው። ከጀርባው የተቆረጠ የመርፌ ወይም የማንጠልጠያ ምልክት ካለ፣ ፊቱ ቀድሞ የደረት ጌጥ ወይም ጉትቻ የነበረ፣ በኋላ ቀለበት የተሠራለት ነው። ይህም መጥፎ አይደለም፤ ዋጋው ግን ከኦሪጂናሉ ማነስ ነበረበት።

ለሚቀጥለው ግዢ፦ «ከሟች ንብረት» የሚለው ጽሑፍ ስለ ዕድሜው ምንም አይልም። ከጨረታው በፊት የሁኔታ መግለጫ ይጠይቁ፣ የጀርባውን ፎቶ ያስልኩ፣ ፎይሉ በእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር እኩል ያበራ እንደሆን በጽሑፍ ይመልሱልዎት። የመሐሉን ድንጋይ የሚያድስልዎትንም ሰው ከመስጠትዎ በፊት ከንፈሩን በምን እንደሚያነሣው ይጠይቁት። «አሙቀን» ካለ ቀለበቱን ይዘው ይመለሱ።