አዲሱ 1500 ወይስ ያገለገለው 2500? የምግብ ተሳቢ ለገዛችው እህታችን

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ምግብ እያበሰላችሁ የምትሸጡበት 16 ጫማ የምግብ ተሳቢ ገዝታችኋል፤ ባለቤትሽ በ58 ሺህ ዶላር አዲስ ባለ 1500 ፒክአፕ (ቀለል ያለውን ደረጃ) እንውሰድ ይላል፤ አንቺ 27 ሺህ የተጠራበትን የ2017 ባለ 2500 (ከበድ ያለውን ደረጃ) ቤንዚን ወደሻል፣ ግን የሄደው 104 ሺህ ማይል አስፈርቶሻል። በባልና ሚስት መሀል መግባት አልወድም። በዚህ ግን ካንቺ ጋር ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ከጨረታ መኪና እየጎተትኩ እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ግራንድ ጀንክሽን ተመላልሻለሁ።

ባለቤትሽ "ማስታወቂያው 11 ሺህ ፓውንድ ይጎትታል ይላል፣ የእኛ ከነዕቃው 7,500 ነው፣ ምን ያንሰዋል?" ማለቱን ጽፈሻል። እኔም የመጀመሪያውን ስገዛ ያልኩት ይህንኑ ነው። መጎተት አንድ ነገር ነው፣ መሸከም ሌላ። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ነጭና ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ የሰውና የዕቃ ድምር ከዚህ አይለፍ የሚል ቁጥር አለው። ሁለት መኪና አንድ ሞዴል ሆነው እንኳ ቁጥራቸው ይለያያል፤ የመስታወት ጣራ፣ ትልቅ ጎማ፣ የቆዳ ወንበር በተጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ሻጩ ስለ 11 ሺው ሲያወራ እናንተ እሱን አንብቡ።

እስቲ አብረን እንደምር። የተሳቢው አፍንጫ ከመኪናው ኋላ ባለው ማያያዣ ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት፣ እዚህ ታንግ ዌይት የሚሉት፣ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። የእናንተን በ13 ብንይዘው 975 ፓውንድ ነው። ማያያዣው ብረት 100። አንቺ፣ ባለቤትሽና የምታግዛችሁ ልጅ 500። ከኋላ ጄኔሬተር፣ ነዳጅና የበረዶ ሳጥን 250። ድምሩ 1,825። ባለ አራት በሩ 1500 ወረቀቱ ላይ 1,540 ቢል (ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ናቸው) ገና ከግቢ ሳትወጡ በ285 አልፋችኋል። ያየሽው ዓይነት ቤንዚን 2500 ግን 3,000 ገደማ ይሸከማል። ክርክሩ ለእኔ እዚህ ላይ አልቋል።

የውኃ ታንኩን ደግሞ እዚያው ደርሳችሁ ሙሉት። 40 ጋሎን ውኃ 330 ፓውንድ ነው፤ ያውም ታንኩ ከጎማው ኋላ ከሆነ አፍንጫውን ያቀለዋል። አፍንጫ ሲቀል ምን እንደሚመጣ ልንገርሽ። በመጀመሪያው ዓመት፣ በዚያው በአዲሱ መኪናዬ፣ ተሳቢው ላይ የጫንኩትን መኪና ትንሽ ወደ ኋላ አቆምኩት፤ ከፊት የመሣሪያ ሳጥን ስለነበር ሰነፍኩ። ከአይዘንሃወር ዋሻ ወጥቼ ወደ ሲልቨርቶርን ስወርድ ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት መወዛወዝ ጀመረ። መሪው በእጄ ነው፣ መኪናው ግን የኔ አይደለም። ያዳነኝ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ የሚይዘው ማንሻ ነው፤ ቀስ ብዬ ጫን ስለው ቀጥ አለ። የመኪናውን ፍሬን ብረግጥ ኖሮ ይህን አልጽፍልሽም ነበር። ፍሬን ለበጠሱ መኪኖች የተሠራውን የአሸዋ ማምለጫ አልፌው ስሄድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ዳገቱን እንዴት ይወጣል ብላችሁ አትጨነቁ። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ነው፣ ዋሻው 11,158፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ያዘግማል እንጂ ይወጣል፤ በቀኝ መስመር 40 ማይል መሄድ አያሳፍርም። ቁም ነገሩ ቁልቁለቱ ነው። አባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን የወረደ ሾፌር ሁሉ "በምትወጣበት ማርሽ ውረድ" የሚባለውን ያውቃል። እዚህም ያው ነው፤ ለመጎተት የተሠራውን የጭነት ቁልፍ (Tow/Haul የሚለውን) ተጭናችሁ ሞተሩ ይያዘው። ከባዱ 2500 ትልልቅ ፍሬንና ጠንካራ ባሌስትራ ስላለው በ7,500 ተሳቢ አይገፋም።

አሁን ያየሽው መኪና። ማይሉ አያስፈራሽ፣ ሰዓቱ ያስፈራሽ። ዳሽቦርዱ የሞተሩን ሰዓት ያሳያል፤ ማይሉን ለሰዓቱ አካፍይው። 3,000 ሰዓት ከሆነ በአማካይ 35 ማይል ነው፣ መንገድ የሄደ መኪና ነው። 6,500 ካለ ግን 16 ነው፤ አንድ ድርጅት ሥራ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያስነሣው የኖረ ነው፣ ተዪው። ስትሄጂ ለሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሣ ንገሪው፤ ደርሰሽ ኮፈኑን ዳስሺ፣ ሞቆ ከጠበቀሽ የሚደበቅ ነገር አለ። ከሥር ተኝቶ የሚያይልሽ ሰው ውሰጂ፤ ጨው ከሚረጭበት ከሚሺጋን ወይ ከኦሃዮ የመጣ መኪና ሻንሲው በዝገት ይበላል። ካሶኒው መሀል ላይ ለኳስ የተበሳ ቀዳዳ ካለ ከእናንተ በላይ ከባድ ሲጎትት ከርሟል፤ ያኔ ካምቢዮውን በደንብ አስመርምሪ። ጎማው ኢ (E) የሚል የጭነት ደረጃ ይኑረው፤ ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ 3219 ማለት የ2019 32ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ ላይ ተሳቢ አይታሰርም።

አንዳንዱ ዲዝል ግዙ ብሎሻል። ለእናንተ አይሆንም። ከአውሮራ ዳውንታውን 10 ማይል ሄዶ ለሚቆም መኪና የተጠራቀመው ጥላሸት ሳይነድ የጭስ ማጣሪያው እየተደፈነ ያስቸግራል፤ ሞተሩም ራሱ ከባድ ስለሆነ ከሚሸከመው ላይ ይቀንሳል።

ለባለቤትሽ ፍትሕ ልስጥና፣ አዲስ ዋስትና አለው፣ ካሜራው ብቻውን ለማያያዝ ግማሽ ሥራ ይቀንሳል። ግን 5 ሺህ ከፍላችሁ ቀሪውን 53 ሺህ በ8 በመቶ ለ72 ወር ብትወስዱ በወር 930 ዶላር ገደማ ነው። በጥር ብርድ ማን ወጥቶ ጥብስ ይገዛል? ያገለገለውን ገዝታችሁ 4 ሺህ ለጎማ፣ ለፍሬንና ለካምቢዮ ዘይት አስቀምጡ። ኢንሹራንሱንም ለንግድ መሆኑን ተናግራችሁ ግቡ፤ የግሉ ውል ብዙ ጊዜ የሥራ አደጋ አይከፍልም።

አንድ ነገር አልጻፍሽም። ተሳቢው በወር ስንት ጊዜ ይንቀሳቀሳል? አንድ ቦታ ቆሞ የሚሸጥ ከሆነና በወር አንዴ ብቻ ከሄደ ምንም ፒክአፕ አትግዙ፤ ጎታች ከፍላችሁ አስወስዱ። እሱንና የ2500ውን የበር ወረቀት ፎቶ ከሥር ለጥፊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።