ሦስተኛው ቦቴ ሳይራገፍ ለምን ይመለሳል? ማዕበል ላይስ ሞተሩ ጋዙን ለምን ይጥላል?

ጥያቄ፦ «በሰሜን አውሮፓ ወደቦች መካከል በምትመላለስ አነስተኛ የጭነት መርከብ ላይ 3ኛ ኢንጂነር ነኝ። ባለ አራት ስትሮክ ሞተራችን በኤልኤንጂም (እጅግ ቀዝቅዞ ፈሳሽ በሆነ የተፈጥሮ ጋዝ) በዲዝልም ይሠራል። ታንካችን 200 ሜትር ኩብ የሚይዝ የ‹ሲ› ዓይነት (ግፊት የሚቋቋም) ሲሊንደር ነው፤ ሪሊፍ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው) 9 ባር ላይ ይከፍታል። ፓምፕ የለውም፤ ሞተሩን የሚመግበው የታንኩ ግፊት ነው። 35 ሜትር ኩብ ሲቀረን ከሦስት ቦቴ እንሞላለን። ስንጀምር 5.5 ባር የነበረው ግፊት ከመጀመሪያው ደቂቃ ይጨምራል፤ ሁለተኛው ቦቴ እኩሌታ ላይ 7.5 ሲደርስ ፍሰቱ ይሞታል፣ ሦስተኛው ሳይራገፍ ይመለሳል። ባሕር ላይ ደግሞ ማዕበል ሲመታን ግፊቱ በጥቂት ደቂቃ ከ5 በታች ይወርድና ሞተሩ ወደ ዲዝል ይዘላል። አቅራቢው ‹ታንካችሁ ነው› ይላል፣ ቺፉ (ዋናው ኢንጂነር) ‹የፒቢዩውን› (የታንኩን ግፊት የሚያሳድገውን ማሞቂያ) ‹ሙቀት ጨምር› ይላል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ሁለት ችግር አድርገህ ያቀረብከው አንድ ነው። ታንክህ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጌጁ ከሚያሳየው ግፊት ጋር አይመጣጠንም። ጌጁ የሚነግርህ ስለ ትነቱ ነው፤ ፈሳሹ ከሥር በጣም ቀዝቃዛ ሆኖ ተኝቷል። ስትሞላ ሁለቱ ባለመገናኘታቸው ግፊቱ ይወጣል፣ ማዕበል ሲያገናኛቸው ደግሞ ይወድቃል።

እነዚህን ቁጥሮች ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ አጠገብ ለጥፋቸው። ንጹሕ ሚቴን (የኤልኤንጂ ዋና ክፍል) በ162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ግፊቱ ዜሮ ነው (ሁሉም ጌጅ ላይ እንደሚነበበው)። በ153 ከዜሮ በታች 0.9 ባር፣ በ143 ከዜሮ በታች 2.7 ባር፣ በ133 ከዜሮ በታች 5.4 ባር ይሆናል። ኤልኤንጂ ጥቂት ኢቴን ስላለው ትንሽ ይለያል፤ ለምርመራ ግን ይበቃል።

አሁን የራስህን ታንክ አስላ። የቀረህ 35 ሜትር ኩብ እስከ 133 ከዜሮ በታች ሞቋል እንበል። ሦስቱ ቦቴዎች እያንዳንዳቸው 45 ሜትር ኩብ ገደማ በ153 ከዜሮ በታች ቢያመጡ ድብልቁ 149 ከዜሮ በታች አካባቢ ያርፋል። የዚህ ፈሳሽ ትክክለኛ ግፊት 1.5 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ 7.5 ባር ሲነበብ ፈሳሹ የፈጠረው ግፊት አይደለም፤ መውጫ አጥቶ እየተጨመቀ ያለ ሞቃት ትነት ነው።

ትነቱን የሚያጠፋው ከላይ መርጨት ነው። ቀዝቃዛው ፈሳሽ ከታንኩ አናት ባለው ቀዳዳማ ቱቦ ሲረጭ ጠብታዎቹ ትነቱን ወደ ፈሳሽ ይመልሱታል፣ ግፊቱም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መውረድ አለበት። ያንተ ከመጀመሪያው የሚወጣ ከሆነ የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ፈሳሹ ከላይ ሳይሆን ከታች እየገባ ነው የሚል ነው። ሰሌዳው «ከላይ ክፍት» ማለቱ አይበቃም፤ መብራቱ የሚያሳየው የአክቹዌተሩን (ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል) እንጂ የቫልቩን ሆድ አይደለም። የሁለቱን መስመሮች የሙቀት ንባብ ጎን ለጎን ተከታተል። የላይኛው መስመር በሚገባ ሳይቀዘቅዝ የታችኛው ወደ 150 ከዜሮ በታች ከወረደ መልሱን አገኘህ። ሞልታችሁ ስትጨርሱ፣ የሥራ ፈቃድ ይዘህ፣ ኦክስጅኑ 20.9 በመቶ ጋዙም ዜሮ መሆኑን ለክተህ ወደ ታንኩ ማገናኛ ክፍል ግባና የቫልቮቹን አንገት ተመልከት። ቱቦዎቹ በቫኪዩም የተሸፈኑ ስለሆኑ ምንም አያሳዩም፤ አንገቱ ላይ ግን ቀዝቃዛ ፈሳሽ ያለፈበት ቫልቭ ነጭ አመዳይ ለብሶ ታገኘዋለህ። የታችኛው በአመዳይ ተሸፍኖ የላይኛው እርጥብ ብቻ ከሆነ የላይኛው ቫልቭ በከፊል ብቻ ይከፈታል፣ ወይም የመርጫው ቀዳዳዎች ተደፍነዋል። ታንኩ ለምርመራ ተከፍቶ ከነበረ የቀረ እርጥበት ቀዳዳዎቹ ላይ በረዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ራሱ ፒቢዩው ነው፤ ከታንኩ ሥር ፈሳሽ ወስዶ በግላይኮል (ሙቀት አስተላላፊ ፈሳሽ) አሙቆ ትነቱን ወደ አናቱ የሚመልሰው ማሞቂያ። ስትሞሉ መዘጋት አለበት። ቫልቩ ጠብቆ ካልዘጋ አንተ ከላይ የምታጠፋውን ትነት እሱ ከሥር እየሠራ ይመልሰዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ፒቢዩው ተዘግቷል እየተባለ የግላይኮሉ መውጫ ከመግቢያው ከቀዘቀዘ ሙቀቱን የሚበላ ፈሳሽ እያለፈ ነው።

ሦስተኛው የቦቴው ጋዝ ነው። መንገድ ላይ ቀናት የቆየ ቦቴ ይሞቃል። ሆዙ ከመገናኘቱ በፊት የቦቴውን ጌጅ አንብብ፤ 2.7 ባር ካሳየ ፈሳሹ 143 ከዜሮ በታች ሊደርስ ይችላል፣ ለማቀዝቀዝ ያለው ጉልበትም በጣም አነስተኛ ነው። የርክክብ ሰነዱ ላይ የጋዙ ሙቀትና ጥግግት መስፈር አለበት። ኩባንያችሁ ውል ሲያድስ ከፍተኛውን የርክክብ ሙቀት በቁጥር ቢያስገባ «ታንካችሁ ነው» የሚለው ክርክር እዚያው ያበቃል።

አራተኛው ብዙዎች የማያስቡት ናይትሮጅን ነው። በመጨረሻ ሆዙን ለማጽዳት ናይትሮጅን ሲነፋ የተወሰነው ታንኩ ውስጥ ይገባል። ናይትሮጅን ፈሳሽ የሚሆነው 196 ከዜሮ በታች ስለሆነ የፈለግከውን ያህል ብትረጭ አይጠፋም፤ ፈሳሹ ከፍ ባለ ቁጥር እየተጨመቀ ይቀመጣል። ሆዙ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ በአካባቢው ሙቀት ተንኖ ራሱን ወደ ታንኩ ይግፋ፤ የሆዙ ሙቀት መውጣት ሲጀምር የታንኩን ቫልቭ ዝጋ፤ ናይትሮጅኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለሚቀጥለው ወደብ ዝግጅቱ የሚጀምረው ባሕር ላይ ነው። ከመድረሳችሁ ሦስት ሰዓት ገደማ በፊት ፒቢዩውን ዝጋ። ትነት ከታንኩ አናት በቀጥታ የሚወስድ መስመር ካላችሁ ሞተሩ ከእሱ ይመገብ፤ ትነት ሲወጣ ግፊቱም የፈሳሹም ሙቀት ይወርዳል። ሞተሩ የሚፈልገው የጋዝ ግፊት ከሎድ (ከሞተሩ የሥራ ጫና) ጋር ስለሚቀንስ ሎድ ስትቀንሱ ዝቅ ባለ ግፊት መቆየት ትችላላችሁ። ግፊቱ ሞተሩ ከሚችለው በታች ሊሆን ሲቃረብ ድልድዩን (የመርከቧን መሪ ክፍል) አሳውቃችሁ በፈቃዳችሁ ወደ ዲዝል ቀይሩ። ከ4 ባር በታች ሆናችሁ ከጀመራችሁ የቦቴው ፓምፕም ይቀለዋል። ወደብ ላይ የኢኤስዲ (የድንገተኛ መዝጊያ) ፈተና፣ የናይትሮጅን ማጽዳት፣ የፍሳሽ ፍተሻ፣ ከዚያ በዝግታ ማቀዝቀዝ፤ ይህን ታውቀዋለህ። ከዚያ መቶ በመቶ ከላይ ሙሉ፣ ግፊቱ በበቂ ወርዶ ሲረጋ ብቻ ከታች አካፍሉ። ግፊት ለማውረድ ግን ወደ አየር መልቀቅ ፈጽሞ አይሞከር። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአይጂኤፍ ኮድ (በጋዝ ለሚሠሩ መርከቦች የወጣው ዓለም አቀፍ የደህንነት ደንብ) ይከለክላል፤ ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል፣ ቀዝቃዛ ሳለም ወደ ላይ ከመነሳት ይልቅ ዴኩ ላይ ይሳባል።

ምን ያህል መሙላት እንዳለብህም አስላ። ገደቡ በቀጥታ 98 በመቶ አይደለም፤ 98 በመቶው ፈሳሹ ሪሊፍ ቫልቩ በሚከፍትበት ግፊት ሞቆ ሲለጠጥ የሚደርስበት ነው። ባንተ 9 ባር ላይ የሚቴን ጥግግት በሜትር ኩብ 358 ኪሎ ገደማ ነው፤ በ153 ከዜሮ በታች ሲጫን 410 ነው። 0.98 በ358 አባዝተህ ለ410 ስታካፍል 0.856 ይመጣል፤ ማለትም 171 ሜትር ኩብ። የቀረህ 35 ሲደመር ሦስት ቦቴ 170 ነው፤ ልክ ዳር ላይ ስለሆናችሁ ከ35 በላይ ከቀራችሁ ሦስተኛውን ሙሉ ቦቴ አትዘዙ።

ወደ ማዕበሉ እንምጣ። በደንብ ከላይ ከሞላችሁ ታንኩ በሙሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ፒቢዩው 6 ባር ቢሠራም የሚሞቀው ላይኛው ስስ ንብርብር ብቻ ነው። መርከቧ ስትናወጥ ንብርብሩ ይፈርሳል፣ ቀዝቃዛው ይወጣል፣ ትነቱ ይጠፋል፣ ጌጁም ወደዚያ ወደ 1.5 ባር ጉዞ ይጀምራል። አሞላሉን ማስተካከል ይህን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም፤ ከመጀመሪያው እንድታውቀው ነው።

የቺፉ ሐሳብ ለምን እንደማይበቃ በቁጥር አሳየው። 170 ሜትር ኩብ ወደ 69 ቶን ነው። ይህን ሁሉ ከ149 ወደ 133 ከዜሮ በታች ለማሞቅ 1,100 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፒቢዩው 100 ኪሎዋት ቢሆን 11 ሰዓት ማለት ነው፤ ማዕበሉ ግን ግፊቱን የሚያወርደው በደቂቃዎች ነው። በዚያ ላይ ፈሳሹ ወደ ፒቢዩው የሚገባው በራሱ ክብደት ስለሆነ ደረጃው ሲወርድ አቅሙም ይወርዳል። ከሙቀቱ በፊት የግላይኮሉን ፍሰት አረጋግጥ፣ ማጣሪያውን አጽዳ። ፍሰቱ ሲደክም ግላይኮሉ ማሞቂያው ውስጥ ይረጋና ቱቦ ይሰነጠቃል፤ ጋዝ ወደ ግላይኮሉ ታንክ ይመጣል። እዚያ ያለው የጋዝ መለያ ከጮኸ «ውሸት ነው» ብለህ አትለፈው።

የሚሠራው ይህ ነው፦ ከሞላችሁ በኋላ የተረጋጋ ውሃ ላይ ፒቢዩውን ረጅም ሰዓት አሠራው፣ ከመጠለያ ከመውጣታችሁ በፊት ግፊቱን 6.5 ወይም 7 አድርሱት፣ ሎድ ቀንሱ። የአየር ትንበያው ከበድ ካለ፣ ነዳጅ ከሞላችሁም አንድ ቀን ካላለፈ፣ ጠባብ የመርከብ መተላለፊያ ከመግባታችሁ በፊት በፈቃዳችሁ በዲዝል ሂዱ። ሞተሩ ራሱ ወደ ዲዝል ሲዘል የሚፈጠረው የፍጥነት መወዛወዝ ሌላ መርከብ ጎን ላይ እያለ መምጣት የለበትም። የሚቀጥለው ደረቅ ዶክ ሲመጣ ደግሞ በታንኩ ውስጥ ወይም አጠገብ የሚገጠም የክራዮጀኒክ (እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚገፋ) ፓምፕ ይጠየቅ፤ የሞተሩ ምግብ ከታንኩ ግፊት ሲላቀቅ ቀዝቃዛ ታንክ ችግር መሆኑ ይቀራል። ሜምብሬን (በስስ ብረት የተለበጠ) ታንክ ያላቸው ትልልቅ የኮንቴይነር መርከቦች በዚህ አይቸገሩም፤ ታንካቸው የሚችለው 0.7 ባር ገደማ ስለሆነ ከመጀመሪያው የተሠሩት በፓምፕ ነው።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ወጥታችሁ በእንዲህ ያሉ መርከቦች ላይ ለምትሠሩ ሁሉ፦ የከፍተኛው የአይጂኤፍ ምስክር ወረቀት ቢያንስ አንድ ወር የባሕር አገልግሎትና ሦስት ባንከሪንግ (ነዳጅ መሙላት) ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ባንከሪንግ በየ10 ደቂቃው ግፊት፣ የፈሳሽ ሙቀት፣ የላይና የታች መስመር ሙቀት፣ ደረጃና ፍሰት በአንድ ገጽ መዝግቡ። ያንተን ገጽ ከሚቀጥለው ወደብ በኋላ ላክልኝ፤ ቫልቩ ይሁን መርጫው ከእነዚያ ዓምዶች ይለያል።