ካርታ ያልነበረው ሰፈር፦ ለወጣት አርክቴክቶችና ፕላነሮች

ውድ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በከተማ ፕላን ሥራ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስንገናኝ ብዙዎቻችሁ «የየትኛውን ከተማ ታሪክ እናጥና?» ትሉኛላችሁ። ስለ ዱባይና ስለ ሲንጋፖር የሚነግራችሁ አታጡም። እኔ የምላችሁ ሰሜን ሊባኖስ ያለውን የፍልስጤማውያን ስደተኞች ካምፕ፣ ናህር አል-ባሪድን ነው። ሊባኖስን አብዛኞቻችን የምናውቃት ለቤት ሥራ በሄዱ እህቶቻችን በኩል ነው። የዚህ ካምፕ ታሪክ እኛ ዘንድ ብዙም አይወራም።

ካምፑ ከሊባኖሷ ትሪፖሊ ከተማ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ስትሄዱ፣ ባሕሩ ዳር ነው። የተቋቋመው በ1949 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1948ቱ የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነት ከገሊላ መንደሮችና ከሁላ ሐይቅ አካባቢ የተፈናቀሉ ሰዎች እዚህ ድንኳን ተተከለላቸው። ሰዎቹ ቶሎ የሚመለሱ መስሏቸው ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ድንኳኑ በቆርቆሮ ቤት ተተካ። የሲሚንቶ ጣሪያ ግን ለረጅም ጊዜ ክልክል ነበር። የሊባኖስ ጦርና የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት በ1969 ከተፈራረሙት የካይሮ ስምምነት በኋላ ካምፖቹ በፍልስጤማውያን ድርጅቶች እጅ ሲገቡ ግንባታው ተጧጧፈ። መሬቱ አይሰፋም፤ ልጅ ግን ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ያገባል። ስለዚህ ቤቱ ወደ ላይ አደገ። አባት ምድር ቤት፣ ልጅ አንደኛ ፎቅ፣ የልጅ ልጅ ከዚያ በላይ። ሰፈሮቹም በመጡባቸው መንደሮች ስም ተጠሩ፦ ሰፉሪያ፣ ዳሙን፣ ሳዕሳዕ።

ካምፑ ወደ ሶርያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለነበር ገበያው ደራ። የአካር አካባቢ ሊባኖሳውያንም ለሸመታ የሚመጡት እዚያው ነበር።

በ2007 ፋታህ አል-ኢስላም የተባለ ታጣቂ ቡድን ካምፑ ውስጥ መሸገ። ታጣቂዎቹ አብዛኞቹ የካምፑ ልጆች አልነበሩም። ከግንቦት እስከ መስከረም መጀመሪያ ከሊባኖስ ጦር ጋር ተዋጉ፤ አሮጌው ካምፕም፣ ማለትም በ1949 የተቋቋመው ዋናው ክፍል፣ እንዳለ ፈረሰ። 27,000 ያህል ሰው ተፈናቀለ። አብዛኛው አቅራቢያው ወዳለው በዳዊ ካምፕ ሸሽቶ በየትምህርት ቤቱ ተጠለለ። እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ነው የተፈናቀሉት። ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

አሁን የሙያችን ጉዳይ ይመጣል፤ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ካምፑ መልሶ ይሠራ ሲባል ማን የት ይኖር እንደነበር የሚያሳይ ካርታ አልነበረም። ቤቶቹ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው፤ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ አይገኙም። ጦሩ ደግሞ ለቁጥጥር የሚመች፣ ተሽከርካሪ የሚያስገባ ሰፊ መንገድ ፈለገ። ያን ጊዜ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኮሚቴ አቋቋሙ። በጎ ፈቃደኛ አርክቴክቶችና ፕላነሮችም አገዟቸው። እያንዳንዱን ቤተሰብ እየጠየቁ መዘገቡ፦ በሩ በየት በኩል ነበር? ደረጃው የት ጋ ነበር? ስንት ፎቅ ነበረው? ግድግዳ የምትጋሩት ከማን ጋር ነው? አንዱ ያለው ጎረቤቱ ካለው ጋር ሲገጣጠም የፈረሰው ካምፕ ወረቀት ላይ ቆመ። አንርዋ፣ ማለትም የተመድ የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት፣ ከነዋሪዎቹ ጋር ፕላኑን ሲያወጣ የተነሳው ከዚህ ሥራ ነው።

አሮጌውን ካምፕ እንዳለ መመለስ አልተቻለም፤ መመለስም አልነበረበትም። ብዙው ቤት ብርሃንና አየር የማይገባው ነበር። ስለዚህ ለመንገድና ለአየር ሲባል ቤተሰቦች ከቦታቸው እየቀነሱ ሰጡ፤ ያጡትን ወደ ላይ በፎቅ አካካሱ። ዘመድ ከዘመድ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይለያይ ግን የሰፈሩ አቀማመጥ ተጠበቀ። ከቦታው ቀንሶ የሚሰጥ ሰው የት አለ ትሉ ይሆናል። አለ። አስቀድሞ ከተጠየቀ፣ ጎረቤቱም እንደሚሰጥ ካየ ይሰጣል።

ሥራው በ2009 ሲጀመር ከመሬቱ ሥር ኦርቶሲያ የተባለች ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ተገኘና ግንባታው ለወራት ቆመ። ገንዘቡም ቢሆን ለጋሾች በ2008 ቪየና ላይ ተሰብስበው ቃል የገቡት ተሟልቶ አልመጣም። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች የተመለሱት በ2011 ነው። ሌሎች ከአሥር ዓመት በላይ በኪራይ ቤት ጠበቁ። በዚያ ላይ በ2001 የወጣው የሊባኖስ ሕግ ፍልስጤማውያን የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳያፈሩ ይከለክላል። በገዛ እጃቸው ከሠሩት ቤት ይኸው ሕግ ባዕድ ያደርጋቸዋል። ይህን የትኛውም ጥሩ ዲዛይን አያስተካክለውም። የሙያችሁን ልክ እወቁ የምላችሁ ለዚህ ነው።

እናንተ ነገ የምትሠሩት እዚህ ነው። በእኛም ከተሞች ሰፈር ይነሳል፣ ሰው ወደ ዳር ይሄዳል። ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ሰፈሩ ውስጥ ግቡ። ቡና ላይ ቁጭ በሉ። እድሩ የት እንደሚሰበሰብ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ እናቶች ልጃቸውን ለማን ትተው ገበያ እንደሚሄዱ ጠይቁና ፕላኑ ላይ አስፍሩት። የሠራችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሰዎቹ ስህተቱን ያሳዩዋችሁ። ከሰፈራቸው የተነሱት ሰዎች የሚመለሱበትን ቀን ስትነግሯቸው በጽሑፍ ይሁን። ቀኑ ከተራዘመ ደግሞ ሌላ ሰው አትላኩ፤ ምክንያቱን ይዛችሁ ራሳችሁ ሂዱ።